የተቀበረው ዕዳና የአህያዋ ንፍሮ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት እንደኛው ሲበዳደሩ፣ እንደኛውም ሲጨቃጨቁ በነበሩበት ዘመን፣ ከምንጭ አጠገብ ባለች ለምለም መስክ ላይ አንዲት አህያ ትኖር ነበር። አገሩ ሁሉ እመት አህዪት ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጭነት ስትሸከም ኖራ፣ ጀርባዋ ተልጦ፣ ጉልበቷ ዝሎ፣ በስተርጅናዋ ነው ይህችን መስክ ያገኘችው። ታዲያ ምን ልበላችሁ፣ ኑሮዋ ደስ ይል ነበር። ጠዋት ተነስታ ሣሯን ትግጣለች። ቀትር ላይ ዋርካው ጥላ ሥር ትጋደማለች። መስኩ ዳር በዘራቻት ቁራሽ መሬት ደግሞ ለራሷ የሚበቃትን ገብስ ታመርታለች። የሚጭናት የለ፣ የሚነዳት የለ። እንዲህ ያለውን ኑሮ አንበሳም ቢያገኘው አይጠላው።

አንድ ነገር ብቻ ነበረባት፤ ይሉኝታ። ኧረ እንዴት ያለ ይሉኝታ! እግሯን ለረገጣት እሷው ይቅርታ የምትጠይቅ ናት። ሣሯን ሊሰርቅ የገባ ፍየል ብታገኝ «እንዳይደነግጥ» ብላ ፊቷን አዙራ ታሳልፈዋለች። ዋርካው ላይ የምትኖረው ጎረቤቷ እመት ጦጢት ይህን ባየች ቁጥር ከላይ ሆና ትቆጣለች፤ «አንቺ ሴት፣ አፍ የተሰጠሽ ሣር ለመጋጥ ብቻ ነው እንዴ?» ትላታለች። እመት አህዪት ግን ጆሮዋን ጥላ፣ «ተይ እባክሽ፣ ምን ይሉኛል?» ብላ ዝም ትላለች።

በዚያው አገር አንድ ቀበሮ ነበር። ሥራው ምን መሰላችሁ? አያርስም፣ አያድንም። ያረጀ ዕዳ ይገዛል። አዎ፣ ዕዳ! ሌላው የራሱን ዕዳ የሚጥልበት አጥቶ ሲጨነቅ እሱ የሌላውን ፈልጎ ይገዛል። አባት ወይም አያት ለጎረቤት አበድረው የረሱትን እያነፈነፈ፣ ከልጆቻቸው በርካሽ ይወስድና፣ ከተበዳሪው ልጆች እጥፍ ድርብ አድርጎ ይቀበላል። ይህም ሥራ ሆኖ ሲኮራበት ብታዩት!

ከዕለታት በአንዱ ቀን ቀበሮ አንድ ወጣት ከርከሮ የሣር ሥር ሲቆፍር አገኘውና ጨዋታ ጀመረ። ጨዋታውን ወዲያና ወዲህ አዟዙሮ፣ «አባትህ ደግ ነበሩ ይባላል። ለማን ለማን አበድረው ነበር?» ሲል ጠየቀው።

ከርከሮው ራሱን አከከ። «እኔ እንጃ። በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ ለእመት አህዪት እናት አንድ ቁና ገብስ አበድሯታል ሲባል ሰምቻለሁ። ትመልስ አትመልስ ግን አላውቅም። እሷም ሞታለች፣ እሱም ሞቷል።»

«ይህን ዕዳ ሽጥልኝ።»

«ምኑን ነው የምሸጥልህ?» አለ ከርከሮው ግራ ገብቶት።

ቀበሮ አንድ ዱባ ሰጠውና ነገሩ አለቀ። ከርከሮው «ዛሬስ ጅል አገኘሁ» እያለ ዱባውን እየገመጠ ሄደ። ቀበሮውም «ዛሬስ ጅል አገኘሁ» እያለ በሌላው በኩል ሄደ። የሄደውም በቀጥታ ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ነበር፤ ምክንያቱም ቀበሮ ራሱ ሰው ደጅ ቆሞ መጮህ አይወድም፤ ለጩኸቱ ጅብ ይቀጥራል።

«አያ ጅቦ፣ ሥራ አለኝ» አለው።

«መብል አለው?» አለ ጅብ ከተኛበት ሳይነሳ።

«መብል ብቻ! የእመት አህዪትን ገብስ ልንወስድ ነው። ሲሶው ያንተ ነው።»

«ገብሱን ትተን አህያዋን ብንወስድስ?»

«ዝም በል አንተ! አንበሳ ይህን ቢሰማ ቆዳህን ነው የሚገፍህ። ይልቅ ስማኝ። በአገራችን ሕግ፣ ሰባት ክረምት ሙሉ ሳይጠየቅ የቆየ ዕዳ ተቀብሯል ይባላል። የዚህች አህያ እናት ዕዳ ደግሞ ስንትና ስንት ሰባት ክረምት አልፎታል።»

«ከተቀበረማ ምን እናደርገዋለን?»

«አውጥተን እናስነሳዋለን ነዋ!»

ጅብ ዘሎ ተነሳ። «ይህን ቀድመህ አትነግረኝም? መቆፈሩን ለኔ ተወው። መቃብሩ የት ነው?»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከጅብ ጋር የሚሠራ ሁሉ ትዕግሥት ያስፈልገዋል፣ እውነቱን ነው። «ቁፋሮ የለበትም፣ የኔ ወንድም» አለ ቀስ ብሎ። «ተበዳሪው ወይም ልጁ፣ ምስክር እያየ፣ ከዕዳው ላይ አንዲት እፍኝ ከከፈለ፣ የተቀበረው ዕዳ ከነወለዱ ይነሳል። አንዲት እፍኝ ብቻ! ያን ጊዜ ገብሷም መስኳም የኛ ነው። ስለዚህ ሄደህ መጀመሪያ አስፈራራት። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ ‹አንዲት እፍኝ ስጪኝና ልሂድልሽ› በላት። ስትሰጥህ ጮክ ብለህ ‹ከእናትሽ ዕዳ ላይ ተቀብያለሁ› በል። ጦጣዋ ከዛፏ ሆና ትስማህ። የገዛ ጎረቤቷ ከመሰከረችባት ማን ይከራከራል? እፍኟን ደግሞ እንዳለች ይዘህልኝ ና። እንዳትበላት!»

«እኔ? ገብስ? ምን ቆርጦኝ!» አለ ጅብ፤ መበደሉም ተሰማው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጅብ እመት አህዪት ደጅ ደረሰ። ቀኑ ደግሞ አዲሱ ገብስ የገባበት ሰሞን ነበርና፣ እሷ ከባቄላ ጋር ቀላቅላ ንፍሮ ቀቅላ፣ ውሃውን አጥልላ፣ ሰፌድ ላይ ዘርግታ ልታበርደው ነው። የትኩስ እህል እንፋሎት መንገድ ድረስ ይሸታል።

«አንቺ አህያ!» ብሎ ጮኸ ጅብ። «የእናትሽን ዕዳ አምጪ!»

እመት አህዪት ከሰፌዱ ላይ ቀና አለች። «የ... የምን ዕዳ?»

«ገብስ! ከከርከሮ የተበደረችው! ካልከፈልሽ ስምሽ በየገበያው ይለፈፋል! መስክሽ ይወሰዳል! አንቺም... አንቺም...» ጅብ ቀጥሎ ያለው ማስፈራሪያ ጠፋበት። «ብዙ ነገር ትሆኛለሽ!»

እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ቢሆን «አንተ ማን ነህ? ከርከሮ የት ሄዶ አንተ መጣህ? መቼ ነው የተበደረችው? ማን አየ?» ብሎ ይጠይቃል። እሷ አልጠየቀችም። አንዲት ጥያቄ እንኳ! እንዲያው አንገቷን ደፍታ፣ እናቷ ባለዕዳ ሆና ሞተች በሚለው ሐሳብ ሆዷ ባባ። እናቷን በጣም ትወድ ነበር። ደግሞም አንድ ነገር አስጨነቃት፤ እንግዳ በዚህ ፀሐይ ደጅ ቆሟል። ባለዕዳም ሆነች አልሆነች፣ በምሳ ሰዓት ደጇ የቆመን ሳታስቀምጥ ለማነጋገር አላደገችም።

ጅብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዲት እፍኝ ስጪኝና ልሂድልሽ» አለ። ይህቺን እንኳ በደንብ አጥንቷት ነበር።

«ውይ፣ እንዴት ቆመህ! አረፍ በል እንጂ» አለች እመት አህዪት። «የዕዳውን ነገር ቀስ ብለን እንነጋገራለን። መጀመሪያ እህል ቅመስ።»

ሰፌዱን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ጅብ አንድ እፍኝ ዘገነ። ከዋርካው ላይ እመት ጦጢት ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ ቁልቁል ታያለች። ጅብም አያት። አሁን ነው መናገር ያለበት። አፉን ከፈተ። «ከእናትሽ...» አለ። እንፋሎቱ አፍንጫው ውስጥ ገባ። «ከእናትሽ...» አለ እንደገና፤ አፉ ምራቅ ሞላ። ሦስተኛ ሊል ሲል እፍኟ አፉ ውስጥ ነበረች።

«በሞቴ፣ ድገም!» አለች እመት አህዪት።

ደገመ።

«በሞቴ፣ ይህቺንም! አልበላህም እኮ!»

ሰፌዱ ባዶ እስኪቀር ድረስ በላ። ከዚያም አፉን ጠርጎ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ብድግ ብሎ፣ «ገበታሽን ይባርክ፣ ጎተራሽን ይሙላው፣ ከዓመት ዓመት ያድርስሽ» ብሎ መረቀ። እሷም «አሜን፣ አሜን» እያለች ሸኘችው። ጅብ ሆዱን እያሻሸ መንገዱን ካጋመሰ በኋላ ነው፣ የመጣበት ጉዳይ ትዝ ያለው።

«አገኘህ?» አለው ቀበሮ ከሩቅ።

«አገኘሁ!»

«የታለች?»

ጅብ ሆዱን አሳየው።

ቀበሮ የሰደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆችም ያነቡታል። ሲበርድለት ግን አሰበ። ለምን ይበሳጫል? አህያዋ ሰጥታለች፤ ጦጣዋ አይታለች። እፍኟ የት ገባች ብሎ ማን ይጠይቃል? «በል ስማ» አለው፤ «የሚጠይቅህ ካለ፣ ‹ሰጥታኛለች፣ ተቀብያለሁ› ነው የምትለው። ሌላ ቃል ካፍህ ብትወጣ ሲሶህን እርሳው።»

በነጋታው ማለዳ ቀበሮ ራሱ መጣ። እንደ ጅብ አልጮኸም። ጭራውን ሰብስቦ፣ እጅ ነስቶ፣ በአንቱታ ጀመረ።

«እንደምን አደሩ፣ እመት አህዪት? ትናንት የእናትዎን ዕዳ መክፈል ስለጀመሩ ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት። ከርከሮ ዕዳውን ለኔ ሸጦልኛል።»

«ኧረ እኔ ዕዳ አልከፈልኩም!» አለች ደንግጣ። «እንግዳ ነው ያበላሁት!»

«አይ፣ እመት አህዪት» አለ ቀበሮ ፈገግ ብሎ። «ጅብ ዕዳ ጠየቀ፤ እርስዎ እህል ሰጡ። ጎረቤትዎ አይታለች። አሁን ዕዳው ከነወለዱ ተነስቷል። በዓመት በዓመቱ እጥፍ ሲሆን ገብስዎን ሁሉ ይጨርስና ወደ መስኩ ይሄዳል። ሰኞ አንበሳ ዘንድ እንቀርባለን።» ከዚያ ቀረብ አለና ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ግን ለምን ስምዎ አደባባይ ይውጣ? ለምንስ ‹እናቷ በልታ ሳትመልስ ሞተች› ይባል? ገብስዎን ዛሬ ያስረክቡኝና መስኩን ልተውልዎ። እኔም የሰው ችግር ይገባኛል።»

እመት አህዪት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ገብሷን ሰጥታ ክረምቱን በምን ትወጣዋለች? መስኳን ካጣች ደግሞ ወዴት ትሄዳለች? ተመልሳ ለጭነት ነው እንጂ፤ ያ የቆሰለ ጀርባ እንደገና ኮርቻ ሊጫንበት ነው። ቢሆንም «እናቷ» የሚለው ቃል አሸነፋት። ወደ ገብሱ ከረጢት ሄደች፤ አፉንም በጥርሷ ይዛ መጎተት ጀመረች።

ያን ጊዜ እመት ጦጢት ከዋርካው ላይ ዱብ ብላ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ልታደርጊ ነው አንቺ?» አለቻት። ከዚያ ወደ ቀበሮ ዞረች። «ሰኞ ብለሃል፣ ሰኞ እንመጣለን። አሁን ከዚህ ዞር በል።»

ቀበሮ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ምስክሯን ማስቀየም አልፈለገማ።

እመት ጦጢት ከከረጢቱ ሳትወርድ ጎረቤቷን አፈጠጠችባት። «ይህን ከረጢት ብትሰጪው ኖሮ እፍኝ የለ ምን የለ፣ አለቀልሽ ነበር! ሰባት ክረምት ያልተጠየቀ ዕዳ እንደተቀበረ አታውቂም?»

«አላውቅም» አለች እመት አህዪት አፍራ። «ከተቀበረ አንበሳው አይፈርድልኝም ታዲያ?»

«አይፈርድልሽም! ችግሩ እሱ ነው። በሕጋችን ዳኛው ከራሱ ተነስቶ ‹ተቀብሯል› አይልም። ባለዕዳ የተባለው በገዛ አፉ፣ በአደባባይ፣ ‹ዕዳው ተቀብሯል፣ አልከፍልም› ማለት አለበት። ዝም ካለ ዕዳውን አምኗል ይባላል።»

«አንቺ አትዪልኝም?»

«እኔ ያየሁትን እመሰክራለሁ። ያቺን ቃል ግን ካንቺ አፍ ሌላ ማንም ሊያወጣት አይችልም።»

«እናቴ በእውነት በልታው ቢሆንስ?» አለች እመት አህዪት።

እመት ጦጢት ንዴቷ በረድ አለ። ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች። «ትበላው ይሆናል፤ ትመልሰውም ይሆናል። ማን ያውቃል? ለዚህ አይደል እንዴ ሕጉ የወጣው? የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። ሽማግሌው ከርከሮ በሕይወት ሳሉ ከዚህ ምንጭ በየቀኑ ይጠጡ አልነበር? አንድ ቀን ጠይቀውሽ ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን።»

«ታዲያ እሳቸው ያልጠየቁሽን፣ ልጃቸው በየመንገዱ እንደሚያወራው በአንድ ዱባ የገዛ ቀበሮ ይጠይቅሽ?»

ሰኞ ደረሰ። አራዊቱ ሁሉ ከትልቁ ቋጥኝ ሥር ተሰበሰቡ። አንበሳ ቋጥኙ ላይ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ግማሽ ከድኖ፣ የተኛ ይመስላል፤ ግን አልተኛም። ቀበሮ ቀርቦ አቤቱታውን አሰማ። ምላሱ ቅቤ ነው። አንዲት እፍኝ በምስክር ፊት እንደተከፈለች፣ ዕዳውም እንደተነሳ፣ ገብሱና መስኩ እንዲሰጠው አሳምሮ ተናገረ።

«ምስክር» አለ አንበሳ።

እመት ጦጢት ቀረበች። «ጅብ ‹አንዲት እፍኝ ስጪኝ› ሲላት ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ። እሷ ‹አረፍ በል፣ እህል ቅመስ› አለችው። ንፍሮ አቀረበችለት። ሲዘግን አይቻለሁ።»

«ይኸው!» አለ ቀበሮ። «ሲዘግን አይታለች!»

«ሲውጥም አይቻለሁ» አለች እመት ጦጢት።

አንበሳ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «አያ ጅቦ፣ ቅረብ። ተቀብለሃል?»

«ሰጥታኛለች፣ ተቀብያለሁ» አለ ጅብ፤ ወደ ቀበሮም አየት አድርጎ ፈገግ አለ።

«ከዚያስ?»

«ሰጥታኛለች፣ ተቀብያለሁ።»

«እሱን ሰማሁ። ንፍሮው እንዴት ነበር?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ጅብ ግን ስለ ምግብ ተጠይቆ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ፊቱ በራ። «ውይ ጌታዬ! ባቄላው ፍርክስ ያለ፣ ገብሱ አዲስ! ጨው ትንሽ አንሶታል እንጂ ሌላ እንከን አልነበረውም። ደግሞ እሷ ስታበላ ታውቅበታለች፤ ‹በሞቴ› እያለች ሰፌዱን ሙልጭ አስደረገችኝ።»

«ሙልጭ? አንዲት እፍኝ አልነበረም እንዴ የጠየቅከው?»

«ታዲያ ‹በሞቴ› ስትለኝ እምቢ ልበል?»

ጉባኤው መሳቅ ጀመረ። አንበሳ አልሳቀም። «ስትጨርስ ምን ብለህ ተነሳህ?»

ጅብ በዚህ ተቀየመ። «እንዴ! እንደ ማንኛውም ጨዋ፣ ‹ገበታሽን ይባርክ፣ ጎተራሽን ይሙላው› ብዬ ነዋ! በልቶ ሳይመርቅ የሚነሳ ባለጌ መሰልኩህ?»

ቀበሮ ፊቱን በጭራው ሸፈነ።

አንበሳ ተነስቶ ተቀመጠ። «ዕዳ የሚቀበል ይዞ ይሄዳል፤ ‹በሞቴ› ተብሎ አይለመንም፤ ለተቀበለውም አይመርቅም። ይህ የበላው እንግዳ ሆኖ ነው። እንግዳን ያበላ፣ ዕዳ ከፈለ አይባልም። እፍኟ አልተቆጠረችም» አለ። ከዚያም ዝም አለ።

ቀበሮ ጭራውን ከፊቱ አነሳ። ገና አላለቀም፤ ይህን እሱ ያውቃል። እፍኟ ባትቆጠርም ዕዳው ራሱ ቀርቧል፤ አህያዋ አፏን ካልከፈተች ደግሞ እንዳመነች ነው። አንበሳ አያት። እመት ጦጢት አየቻት። ጉባኤው ሁሉ አያት።

«እናትሽ በልታ ካደች ይባል?» አለ ቀበሮ በሹክሹክታ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። አንቱታውን ረስቶታል። «በዚህ ሁሉ ፊት?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልቧ በፍርሃት ይመታ ነበር። ይህን ስትሰማ ግን ፍርሃቷ ለቀቃትና ንዴት መጣ። በዕድሜዋ ተናዳ አታውቅም፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንኳ አልገባትም። ጆሮዋ ቀጥ አለ። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

«እናቴ ትብላው አትብላው አላውቅም» አለች። «አንተም አታውቅም። የሸጠልህም አያውቅም። እናቴ በዚያ ድርቅ እኔን ያተረፈችኝ ለምና ይሁን ተበድራ፣ አመሰግናታለሁ እንጂ አላፍርባትም። አበዳሪው ሽማግሌ እስኪሞቱ ድረስ ከኔ ጋር አንድ ምንጭ ሲጠጡ አንድ ቀን አልጠየቁኝም። የሳቸው ልጅ ርቦት ቢመጣ ዛሬም ነገም አበላዋለሁ፤ እሱ ደስታዬ ነው። ይህ ዕዳ ግን...»

ከዚያ አንገቷን ወደ ላይ ዘርግታ፣ አፍንጫዋን ነፍታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የዋጠችውን ሁሉ አንድ ላይ ለቀቀችው።

«ተቀብሯል! ተቀብሯል! ተቀብሯል! አልከፍልም! አልከፍልም! አልከፍልም!»

ቋጥኙ አስተጋባ። ቁራዎች ከዛፍ ተነስተው በረሩ። እንቅልፍ የወሰዳት አንዲት ሚዳቋ ደንግጣ ሸሸች። አንበሳ ራሱ ትንሽ ወደ ኋላ አለ፤ ኋላ ግን «አላልኩም» ይላል።

«ሰምተናል፣ እመት አህዪት» አለ ጆሮውን እያሻሸ። «በደንብ ሰምተናል። ዕዳው ተቀብሯል። ከእንግዲህ ስለዚህ ዕዳ ደጇ የሚቆም ቢኖር እኔ ዘንድ ይቆማል።»

ቀበሮ ሳይታይ ሊወጣ ሲል ጅብ ጭራውን ረገጠው። «ሲሶዬስ?»

«የምኑን ሲሶ? ምን አገኘንና?»

«እኔ እንጃ! ሥራዬን ሠርቻለሁ፤ ሄጃለሁ፣ ጮኼያለሁ፣ በልቻለሁ!»

ቀበሮ ጭራውን ነጥቆ ቁልቁለቱን ተያያዘው፤ ጅብም «ሲሶዬን!» እያለ ከኋላው። አራዊቱ እስኪሰወሩ ድረስ ቆመው ሳቁባቸው። እሰይ! ቀበሮ ስንቱን ጎጆ በዕዳ ስም ያራቆተ ነበርና ማንም አላዘነለትም።

እመት አህዪት ወደ መስኳ ተመለሰች። ሣሩ እንደነበረ ነው፣ ገብሱ በከረጢቱ ነው፣ ጀርባዋም ኮርቻ የለበትም። ተጋደመችና ተንከባለለች፤ እንዲያ ተንከባልላ አታውቅም። ከዚያ ተነስታ ቆመች። ልቧ በደስታ ሞላ። ምን ታድርገው ደስታውን? አንገቷን ዘረጋችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳይከሳት፣ እንደገና ለቀቀችው። አገሩ ተናወጠ።

«ምን ሆንሽ? ማን መጣ?» ብላ እመት ጦጢት ከቅርንጫፏ ልትወድቅ ትንሽ ቀራት።

«ማንም አልመጣም» አለች እመት አህዪት። «ድምፄ ደስ ብሎኝ ነው።»

በነጋታውም ለቀቀችው። በሣልስቱም። እመት ጦጢት «ኧረ ዝም በይ፣ በእናትሽ!» ብትላት፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብያለሁ፤ አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው» ትላታለች። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ አህያ ምንም ሳትሆን፣ ሆዷ ጠግቦ ፀሐይ ላይ ቆማ ሳለች፣ በድንገት አንገቷን ዘርግታ አገር ይያዝልኝ ትላለች። ጎረቤት ይቆጣል፣ ሕፃን ከእንቅልፉ ይነቃል። እሷ ምን ቸገራት!

ከዚህ የምንማረው፣ ያረጀ ዕዳ ይዞ ደጃችን የመጣ ጠያቂ ሲገጥመን በይሉኝታ እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት፣ «ዕዳው የማን ነው? መቼ የተገባ ነው? ዛሬስ በሕግ ይጠየቃል ወይ?» ብለን መጠየቅ፣ መልሳችንንም በገዛ አፋችን ጮክ ብለን መናገር እንዳለብን ነው።